አውራሪስ የሚፈልጉት ሽማግሌ

ከገንዳ ውሃ ወደ ሽንፋ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጥምጥማቸው እንደ ሱዳኖች ነጭና ሰፊ ነው። ከፋርማሲ የገዙትን መድኃኒት ፀሐይ እንዳያገኘው በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነውታል። ሰው ሁሉ በሙቀቱ ሲያንቀላፋ እሳቸው ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ውጭ የሚታየው ግን የሰሊጥ ማሳ ብቻ ነው።

«ምን እየፈለጉ ነው፣ አባባ?» አልኳቸው።

«አውራሪስ» አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከደጋ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩ፣ ገና ሙሽሮች ሳሉ፣ አንዲት አውራሪስ ከነልጇ ወደ ወንዙ ስትወርድ ከባለቤታቸው ጋር አይተዋል። ዛሬ አውራሪስ እንኳን በዚህ ቆላ፣ በአገሩም የለም ይባላል። ባለቤታቸውም ዓይናቸው ጠፍቶ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል።

«ከመንገድ ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ አውራሪሷ ነው። ‹አየኻት?› ትለኛለች። ‹አየኋት፣ ደህና ናት› እላታለሁ። ጭራሽ ውሸት እንዳይሆንብኝ ግን ሁልጊዜ እፈልጋታለሁ።»

«ልጇስ?»

«እሱም ደህና ነው። እናቱን ተከትሎ ውሃ ሲጠጣ አየሁት እላታለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ አድጓል ይበሏቸዋ» አልኩ፣ ደስ እንዲላቸው ብዬ።

መድኃኒቱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«አይሆንም፣ ልጄ። የእኛው አድጎ ነው ወደ ሱዳን የተሻገረው፤ እስካሁን አልተመለሰም። ይሄኛው እንኳ ትንሽ ሆኖ ይቆይላት።»