ከሳጥኑ ያልወጣው ማይክሮስኮፕ

ስሜነህ በእጁ ዕቃ ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንጅባራ ዳር ባለ አንድ የግብርና ማሠልጠኛ ውስጥ የላቦራቶሪ ንብረት ከተረከበ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ በዓመታዊ ቆጠራ አንዲት ብልቃጥ እንኳ ጎድላበት አታውቅም። ድሮ ይህን ሲያነሡለት ደስ ይለው ነበር። አሁን ግን ሰው በዚህ ሲያመሰግነው ወሬ ይለውጣል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ቤተል የምትባል የደን ጥበቃ ባለሙያ በጋዜጣ የጠቀለለችውን ቅርንጫፍ ይዛ ቢሮው ገባች። የከተማው ልጅ ናት፤ አባቷ ከወንጌላውያኑ ጸሎት ቤት አጠገብ ልብስ ይሰፋሉ፤ ስሜነህም ደንበኛቸው ነው። ቅርንጫፉ የዲከረንስ ነበር፤ ገበሬው ለከሰል ብሎ በየማሳው የተከለው ዛፍ። ቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ እብጠት ወጥቶበታል፤ ሲነኩት ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል።

«ጋሽ ስሜነህ፣ ይኼ ከሦስት ቀበሌ መጥቶልኛል» አለች። «ምን እንደሆነ ለመለየት በደንብ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ያስፈልገኛል፤ እኛ ቢሮ ደግሞ የለም። ዳንግላ ጢሞቲዎስ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። ናሙናው በደንብ እንዲታይ የሚቀባው ማቅለሚያ እሱ ዘንድ አለ፤ የእሱ ማይክሮስኮፕ ግን አርጅቷል። እርስዎ ጋ አዲስ እንዳለ ሰማሁ። እሱ ማቅለሚያውን ያምጣ፣ እኔ ናሙናውን፤ እዚሁ እርስዎ ፊት እንሥራ።»

እውነቷን ነው፤ አለ። አንድ ፕሮጀክት ከአራት ዓመት በፊት ያስረከበው ነው። አጠቃቀሙን የሠለጠነው መምህር ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ ግን የነካው የለም። በዓመት አንዴ ቆጣሪዎች መጥተው ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባሉ፤ በሩ መልሶ ይቆለፋል።

«ደብዳቤ አምጪ፣ ልጄ» አላት።

አመጣች። «ለማሠልጠኛው ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ለዲኑ ይባል» ብሎ መለሳት። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ንብረት ያዥ፣ ሽባባው፣ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ያዋሰው ሚዛን ተሰብሮ ቢመለስለት ክሊራንስ ተከልክሎ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ሲንከራተት አይቷል። ያልተከፈተ ነገር አይሰበርም፤ ስሜነህ ከሽባባው የተማረው ይህንን ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ከመስኮት አያትና ዘበኛውን ጠራ። «የለም በላት» አለው። ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ፣ ቅርንጫፉን ካፊያ እንዳይነካባት በነጠላዋ ሸፍና ባጃጅ ስትጠብቅ አያት። አልጠራትም።

በኅዳር ሚካኤል ዘንገና አካባቢ ወደሚኖረው፣ ደሴ ወደሚባለው ታላቅ ወንድሙ ሄደ። ደሴ ጤፍ ይዘራበት የነበረውን መሬት ጭምር ዲከረንስ ተክሎበታል። ከምሳ በኋላ ይዞት ወደ ማሳው ወረደ። ዳር ላይ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ጠውልጓል። ደሴ አንዱን ቀንጥሶ አሳየውና በአውንጊ ቋንቋ ጠየቀው፦

«አንተ ከምትሠራበት ቤት ይኼን የሚመረምር መሣሪያ የለም ወይ?»

«የለም» አለ ስሜነህ።

ቃሉ እንዴት ከአፉ እንዳመለጠ ዛሬም አይገባውም። አለ ቢል ደሴ በማግሥቱ ቅርንጫፍ ተሸክሞ በሩ ላይ እንደሚቆም ያውቃል፤ ወንድም ደግሞ በዘበኛ አይመለስም።

«እንግዲያ እንታገሥ» አለ ደሴ። «ግንዱ ገና ቀጭን ነው። ወፈር ይበልና እቆርጠዋለሁ።»

በዓመቱ የዚያ ሰፈር ዲከረንስ ቆሞ ደረቀ። ከእሱ የወጣው ከሰል ሲነኩት የሚፈረፈር ሆኖ ገዢ አጣ። ቤተል ናሙናውን ወደ ሩቅ ከተማ ልካ ነበር፤ መልሱ ሲመጣ ስምንት ወር አልፎ እሷም ሥራ ለቃ ጅማ ገብታለች።

ከዚያ አዲስ ዲን መጡ፤ ወይዘሮ ፀጋነሽ። «ያለ ሥራ የተቀመጠውን መሣሪያ ሁሉ ዝርዝር ስጡኝ፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር በጋራ እንሠራበታለን» አሉ። ሌሎቹ ሲያመነቱ ስሜነህ የራሱን በማግሥቱ አቀረበ። ሳጥኑንም በገዛ እጁ ከፈተው። የእንጅባራ እርጥበት እዚያ ድረስ ገብቶ ሌንሱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ አብቅሏል። ከአራቱ ሌንሶች ሁለቱ ምንም አያሳዩም።

ለቤተል ደወለላት። ሳጥኑ መከፈቱን ሰምታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው፤ በድምጿ ቂም የለም፤ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። «እኔ አሁን የቡና በሽታ ላይ ነኝ። ለጢሞቲዎስ ይደውሉለት፤ ሌንስ ማጽዳትም ያውቃል።»

«ያኔ ብታዪው ኖሮ ዛፉ ይድን ነበር?» አላት።

«መዳኑን እንጃ፣ ጋሽ ስሜነህ። ግን ሳይደርቅባችሁ ቁረጡት ብዬ ለገበሬው እነግር ነበር። ቀጭንም ቢሆን ከሰል ይወጣዋል።»

ጢሞቲዎስ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከዳንግላ በሚኒባስ ይመጣል። በሁለቱ ደህና ሌንሶች ከማሠልጠኛው መምህራን ጋር የድንች ቅጠልን የሚያጠቁረውን በሽታ ያጠናሉ። ስሜነህ ናሙናው የሚቀመጥበትን መስታወት እያጠበ ያቀብላቸዋል። ባለፈው ወር አንዱ መስታወት ወድቆ ተሰበረ፤ ማንም ምንም አላለም።

ሰኔ ላይ ደሴ ዘንድ ሄደ። ደሴ የደረቀውን ጉቶ እየነቀለ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ የጠየቅኸኝ መሣሪያ ነበረ። ዋሸሁህ።»

ደሴ ቀና አለ። «ነበረ?»

«ነበረ።»

ደሴ ላቡን ጠረገ። ጉቶውን ነቅሎ ሲጨርስ ስለ ድንች ዘር፣ ባለቤቱ እንቁ ስለምታስታምማት ላም አወራው። ቤት አስገብቶ አበላው፤ አጎረሰው። እስከ አስፋልቱም ሸኘው። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም።

ከዚያ ወዲህ ግን ደሴ ስለ ምንም ነገር ጠይቆት አያውቅም። ዘንድሮ የደሴ ድንች ቅጠሉ መጥቆሩን እንኳ ስሜነህ የሰማው ገበያ ላይ፣ ከደሴ ጎረቤት ከቢሻው ነው።