በሰው አፍ አናግረኝ

ሩዙ ማሸት ሲጀምር ከማሳው ዳር የሚመጣው የልጆች ጫጫታ ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። ወፍ እየጠበቁ በወፍ ቋንቋ ይጫወታሉ። ታውቀው የለ? ከየፊደሉ ኋላ «ፈ»ን እየሰኩ ማውራት ነው፤ «ና» ለማለት «ናፋ»። ወረታ ውስጥ የማያውቀው ሰው ቢኖር እናቴ ብቻ ነበረች።

ያን ጊዜ ወንድሜ «ይፈልጉታል» ተብሎ ከቀዬው ወጥቶ ነበር። ማን እንደሚፈልገው የሚያውቅ የለም፤ መፍራት ግን ሁላችንም እናውቅበታለን። ስልክ ይጠለፋል ተባለ። ሸክላ ሠሪዋ እናቴ ስልኩን ትልቁ ጋን ውስጥ ጨምራ ከደነችበት። «እስቲ አሁን ይስማ!» አለች። ታዲያ ሲጮህ ጋኑ ያጓራል! ጎረቤቱ ሁሉ ከየደጁ «አንቺ፣ ልጅሽ ደወለ!» ይላታል። ምሥጢራችን ይኸው ነበር እንግዲህ።

እኔና ወንድሜማ ብልሆች ነን፤ በወፍ ቋንቋ እናወራለን። የምናወራውስ? ሩዙ ተወቃ ወይ፣ ላሟ ወለደች ወይ። የሚጠልፈን ሰው ካለ እሱም በልጅነቱ ወፍ ጠብቋል፤ አንድ ቃል አያመልጠውም። የማይገባት አጠገቤ በጭቃ እጇ የቆመችው እናታችን ነበረች።

«ምን አለ?»

«ደኅና ነኝ ይላል።»

«ይህን ሁሉ ተንጫጭቶ ደኅና ነኝ ብቻ?»

አንድ ቀን ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ልጄ፣ በሞቴ፣ በሰው አፍ አናግረኝ!» ወንድሜ «እፍማፋ» ብሎ ዘጋው።

«ምን አለኝ?»

«እማ አለሽ» አልኋት። ተቀምጣ አለቀሰች።

ብዙም ሳይቆይ ኔትወርክ ጠፋ። ሲመለስ የወንድሜ ስልክ አልተመለሰም። ይፋግ ገበያ አየነው የሚል አለ፤ ጣራ ገዳም መንኩሷል የሚልም አለ። እሱ ግን አልመጣም።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ወደ ማሳው መውረድ አበዛች። እኔ ለጭቃ መስሎኝ። ለካ ወፍ ጠባቂዎቹን ቆሎ እያስያዘች «አስተምሩኝ» ትላቸው ኖሯል።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤት ስገባ ጋኑ አጠገብ ቁጭ ብላለች፤ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው። ያቺ የስልኳ ሴት «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትላለች። እናቴ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እየተንተባተበች፣ «ልፍ… ጄፌ… ናፋ» አለች።

ቆየት ብላ በሰው አፍ ደገመችው።

«ና ልጄ። ማንም አይሰማም።»