እናያለን

የሆቴሉ ልብስ ተኳሾች አለቃ ናት። ከአንድ ጓደኛዋ በቀር ሁሉም «እትዬ» ይላታል። ጠርዙ ከጠርዝ ያልገጠመ አንሶላ ከእጇ ከሚወጣ ሞቷን ትመርጣለች። የቀድሞው ኃላፊ ጠዋት ጠዋት ወደ ምድር ቤቱ መተኮሻ ክፍል ብቅ ብሎ «እህስ፣ ምን ጎደለ?» ይል ነበር። የጎደለው ሁሉ ይሞላ ነበር ማለት አይደለም፤ ግን ጠይቆ የሚሰማን ሰው መቀየም ይከብዳል። ያኔ ከዚያ ክፍል ሰው የሚለቀው ሲታመም ብቻ ነበር።

አዲሱ ኃላፊ ከፎቅ አይወርድም። የትልቁ መተኮሻ መኪና እጀታ ጎማው ተልጦ ብረቱ ብቻ ሲቀር፣ እትዬ ደረጃውን ወጥታ ነገረችው። ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «እናያለን» አላት። ደግማ ወጣች፤ አሁንም «እናያለን»። ከዚያ ወዲህ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ። ተኳሾቹ «እናያለን ዛሬም አላየም» እየተባባሉ ይስቁ ነበር። ሳቁ ግን አልሰነበተም፤ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ሌላ ቦታ ገቡ።

እትዬን ባዶ እጇን መመለሱ አሳፈራት። እጀታውን ጨርቅ ጠቀለለችበትና ወደ ፎቅ መውጣቱን ተወችው። ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት የተኮሰችው ያቺ «እትዬ» የማትላት ተጫዋች ጓደኛዋ «ምን አለሽ?» ስትላት፣ ሳትሄድ «እናያለን ብሏል» ትላታለች። በኋላማ «ብሏል» የሚለውም ቀረ።

አንድ ቀን ጨርቁ ተንሸራተተና የጓደኛዋ መዳፍ ተቃጠለ። እጇ ሲሽርላት የመጣችው ሽርጧን ልትመልስ ነው።

«በዚህ ዕድሜሽ የት ልትገቢ ነው? እኔ እያለሁልሽ?» አለቻት እትዬ።

«ከእሱ ስሰማውማ ስቄ አልፈው ነበር» አለች ጓደኛዋ ሽርጡን እያጣጠፈች። «ካንቺ አፍ ስሰማው ነው የመረረኝ፣ እህቴ። እንዳልነገርሽው አውቅ ነበር እኮ። ደረጃው ከብዷት ነው ብዬ ዝም አልኩሽ።»

ሽርጡን እትዬ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። መልስም ሳትጠብቅ ወጣች።

በማግስቱ እናያለን ያለወትሮው ወደ ታች ወረደ። ሰው ለምን እንደሚለቅ የሆቴሉ ባለቤት ጠይቆት ኖሯል። ክፍሉን ቃኘት ቃኘት አደረገና የእትዬን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ሌላው ክፍል ሁሉ እሮሮ ነው። አንቺ ጋ ግን አንድም ቅሬታ የለም። እንዳንቺ ያለ አለቃ ነው የምፈልገው።»

ይህን ምስጋና ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነችው። እጀታውን በጀርባዋ ከልላ መቆሟን ያወቀችው እሱ ከወጣ በኋላ ነው።