መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረው ገበሬ

ልጄ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቁማር ትጫወታለች ብለው ስለነገሩኝ፣ እርሻዬን ትቼ ከመልካ ወረር ላመጣት ሄድኩ። ካፌ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ስትጥል ደረስኩባት።

«ሻንጣሽን ያዢ» አልኳት።

«አባዬ፣ ቁማር አይደለም! ይሄ መጽሐፍ ታሪክ ይሰጠናል፣ እኛ ሰዎቹን ሆነን እንጫወታለን። ዘንዶ ወንዙን ዘግቶ መንደሩ ውሃ ተጠምቷል።»

«የመንደሩ ገበሬስ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

«መጽሐፉ ላይ ገበሬ የለም፣ አባባ» አለ ጓደኛዋ። «ዘንዶው አሪፍ ተደርጎ ተጽፏል፤ መንደሩ ውስጥ ግን አንድም ሰው አልተጻፈም። ስለዚህ ልጅዎ አንድ ሰው ጨመረች።»

የሰጠኝን ወረቀት ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ሽማግሌ ገበሬ። አይስቅም፣ አያወራም። የመስኖ ተራውን ለታመመ ጎረቤቱ ይለቃል፤ ለማንም አይናገርም።»

ተራዬን ለጎረቤቴ የለቀቅኩ ቀን ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር። ልጄ አቀርቅራለች። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚጫወተው?»