አሥራ አንድ ነን

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ፖሊሶች ከአንድ ምሳ ቤት ሰብስበው አሰሩን። አሥራችን የኬንያ ወረቀት አልነበረንም። አሥራ አንደኛው፣ አንድ የሞያሌ ነጋዴ፣ የኬንያ መታወቂያቸውን ቤት ረስተው ነው አብረውን የገቡት። ክፍሏ ሲሚንቶ ወለል፣ ከፍ ያለ ትንሽ መስኮትና ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ ነበራት። የፈራነው ግን ክፍሏን አልነበረም፤ ጭነው ድንበር ላይ ለደርግ እንዳያስረክቡን ነው።

አብዛኞቻችን አገር ቤት ታስረን ስለምናውቅ እንደ ልማዳችን ወዲያው ካቦ፣ የክፍሉን አለቃ፣ መረጥን፤ ነጋዴውን። ባልዲው አጠገብ መተኛትና ባልዲውን መድፋት በተራ እንዲሆን ወሰኑ፤ ከራሳቸው ጀመሩ። «ወደ አገሬ ለመመለስ ፈቅጃለሁ» የሚለውን የፖሊስ ወረቀት ማንም እንዳይፈርም አሉ። «እናንተ ሳትወጡ እኔም አልወጣም» ብለው ጨመሩ።

በአራተኛው ቀን ተራው የእኔ ነበር። ትኩሳት ስለያዘኝ ካቦው በእኔ ቦታ ገቡ። ጠዋት ፖሊሱ በሩን ከፈተ። የካቦው ሚስት መታወቂያቸውን አምጥተው ከኋላው ቆመዋል።

«ውጣ» አላቸው በስዋሂሊ።

«አሥራ አንድ ነን።»

ሳቀ። «ፕሬዚዳንታቸው ነህ?»

«የባልዲ ተረኛ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ውጭ ሆነው ይበልጥ ይረዱናል» አልኳቸው።

«ስማችሁን ሚስቴ ለስደተኞች ቢሮ ታደርሳለች። እኔ ከወጣሁ ግን እስከ ምሳ አንድ በአንድ ያስፈርሟችኋል። ጋዜጠኛ አይደለህ? የተናገርኩትን አልመዘገብክም?»

በሲጋራ ፓኮ ላይ የጻፍኩትን የስም ዝርዝር በበሩ በኩል ለሚስታቸው ሰጡና ባልዲውን አነሱ። ፖሊሱ ትከሻውን ነቅንቆ፣ አስደፍቶ መለሳቸውና ቆለፈብን።

በማግስቱ አስቀድመው ካቦውን ወሰዷቸው፤ ሳይመልሷቸው እኔን ጠሩኝ። መርማሪው ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶ አስያዘኝ።

«ሽማግሌው ፈርሞ ቤቱ ገብቷል። አንተ ምን ትጠብቃለህ?»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ወዲያው ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከክፍላችን፣ የካቦው ሳል ተሰማኝ። ያንን ሳል አራት ቀን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ለካ መልሰዋቸዋል። እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እዚያው ናቸው» አልኩት።

ማንም አልፈረመም። ከሁለት ቀን በኋላ የስደተኞች ቢሮ ሠራተኛ የሲጋራ ፓኮዬን ይዞ መጣና ስማችንን ጠራ። ካቦው ባልዲውን አጥበው፣ ጥግ ላይ ገልብጠው አስቀምጠው፣ መጨረሻ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ መሪዎችን ጠይቄአለሁ። ቃል ሲገቡ እመዘግባለሁ፤ በሩ ሲከፈትላቸው የሚያደርጉትንም ቆይቼ አያለሁ። አንዳንዶቹ ሳይወጡ ይቀራሉ። እንዲህ ያሉትን ለማወቅ አልቸገርም፤ አንዱ መርቶኛል።