የማይበረውን አውሮፕላን ሊያሳየኝ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰለሞን ሳይደውል መጥቶ በሬን አንኳኳ... ሰለሞን የአክስቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ነው የሚኖረው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር አንድ ቀን «ነይ ላዝናናሽ» ብሎኝ አያውቅም። ቅዳሜን እንኳን ለእኔ ለገዛ ልጆቹም አይሰጥም፣ ሥራ ነው።

«ልበሺ፣ ዱለስ ኤርፖርት ጋ ያለው የአውሮፕላን ሙዚየም ልወስድሽ ነው» አለኝ። «ኮንኮርድን ታያለሽ።»

ዛሬ ምን ነካው ብዬ ሳቅኩ። ቢጫ ቀሚሴን ለበስኩ... ይቺን ቢጫ ቀሚስ ልብ በሉልኝ።

መንገድ ላይ «ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ» ብሎ ተቀበለኝ። ስንወርድ ኪሱ ከተተው። ስጠይቀው ፎቶ ላነሳሽ ነው፣ እኔ ጋ ይሁን አለኝ። የእሱ ስልክ ደግሞ ጩኸቱን አላቆመም፤ ሚስቱ ትደውላለች፣ እሱ ከእኔ እየራቀ ያወራል። እኔ ሞኟ ተጣልተው ነው፣ ማምለጫ አድርጎኝ ነው ብዬ አዘንኩለት።

ለነገሩ አውሮፕላኑ ያምራል... ነጭ፣ ቀጭን፣ አፍንጫው እንደ ሽመላ አፍ የሾለ። ድሮ ከድምፅ እየፈጠነ ሰው ያመላልስ ነበር፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ አዳራሽ ውስጥ ቆሟል። አንድ አስጎብኚ ሽማግሌ ከፓሪስ ተነስቶ ኒውዮርክ ሲያርፍ፣ እዚያ ያለው ሰዓት ገና ከተነሳበት ሰዓት ወደኋላ ነበር እያሉ ለሰው ያስረዳሉ። ሰለሞን «እጅሽን እንደ ክንፍ ዘርጊ» አለኝ። ዘረጋሁ። በቢጫ ቀሚሴ፣ ጥርሴን ገልጬ፣ ኮንኮርድ ሥር ፎቶ ተነሳሁ።

ይሄኔ ጌጤ መጣች። ጌጤን የማውቃት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ልጆቿን ልታስጎበኝ መጥታ ነው። ከሩቅ አየችኝና ፊቷ ተለዋወጠ። መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ» አለችኝ። «ትናንት የሰፈሬ ሴቶች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይቼ... ሥራ ሆኖብኝ ነው ያልደረስኩት።»

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ሰለሞንን አየሁት። ስልኬን ጨብጦ መሬት መሬቱን ያያል። ማን እንደሞተ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እትዬ ናት... ታላቅ እህቴ፣ እናታችን ስትሞትብን ያሳደገችኝ። አዲስ አበባ አልጋ ከያዘች ሰንብታ ነበር።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። እትዬ የታመመች ጊዜ ዘመዱን ሁሉ ለምኛለሁ። አንድ ነገር ከሆነች በዚያችው ሰዓት ንገሩኝ፣ ባገኘሁት አውሮፕላን እሄዳለሁ፣ አፈር ሳትለብስ ልድረስባት ብያለሁ። ሻንጣዬ እንኳን ተዘጋጅቶ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ሰለሞን ራሱ «እናቴ ትሙት፣ እኔ ነኝ የምነግርሽ» ብሎ ምሎልኛል።

መኪና ውስጥ ሁሉንም አስወጣሁት። ያረፈችው ረቡዕ ነው። ሐሙስ ተቀበረች። እኔ ሐሙስ ሥራ ገብቼ የሰው እናት ሳጥብ ሳለብስ ነው የዋልኩት። ከሥራ ስወጣ አዲስ አበባ ደውዬ እትዬ እንዴት ናት ብላቸው «ተኝታለች» ብለውኛል። ተኝታለች...

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት።

«ብቻሽን ነሽ፣ ደም ግፊትም አለብሽ። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ሰው ተሰብስቦ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልተሰበሰባችሁም?»

«ሁሉም ከሥራ ኦፍ የሚሆነው እሑድ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ስሙልኝ። የእህቴ መርዶ ሺፍት ወጥቶለታል። እስከዚያ ወሬው እንዳይደርሰኝ ቅዳሜን የሚጠብቀኝ ሰው ተመደበልኝ፤ ተራው የሰለሞን ሆነ።

ይሄን ስንነጋገር ከዱለስ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። አዲስ አበባ የሚሄደውም ከዚሁ ነው የሚነሳው። በሚበረው አጠገብ አሳልፎኝ የማይበረውን ሊያሳየኝ ነው የወሰደኝ።

ይባስ ብሎ ለመነኝ። «እባክሽ ነገ ጠዋት እንዳልሰማሽ ሁኚ። ጋሽ ታደሰ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ነው የሚመጡት፤ ቄሱም ይመጣሉ። እኔን ነው የሚቆጡኝ።» ጋሽ ታደሰ የሚኖሩት የግብፁ ሳይሆን የዚሁ የእኛው አሌክሳንድሪያ ነው፤ እዚህ ካለነው ዘመዳሞች ታላቁ ናቸው፤ ያለ እሳቸው መርዶ አይነገርም። ቤቴ በር ላይ ስንደርስ ስልኬን ተቀብዬ ወረድኩ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በመስኮት አየኋቸው። መኪናቸውን ራቅ አድርገው አቁመው፣ በነጠላ ተሸፋፍነው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ይመጣሉ። ሳያንኳኩ ከፈትኩላቸው። ጥቁር ለብሻለሁ። ከጎረቤት ሳይቀር ወንበር ተውሼ ደርድሬያለሁ።

ጋሽ ታደሰ ክው አሉ። «እንደምን አደርሽ ልጄ... በዚህ ስናልፍ እንይሽ ብለን ነው» አሉኝ። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ፣ በዚያ ሰዓት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል የሚያልፍ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ይወቀው።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አልኳቸው። ደንቡ እንደሚለው ሁሉም እስኪቀመጡ ጠበቅኩ።

«በርቱ እንግዲህ ጋሼ» አልኳቸው። «እትዬ አርፋለች።»

ከረቡዕ ጀምሮ ሲያውቁት የከረሙት ሰዎች ገና አሁን እንደሰማ ሰው እሪ አሉ። ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። የእኔም እንባ ያኔ ነው የመጣው፤ እስከዚያ ንዴቱ ይዞት ነበር።

አልቅሼ ሳበቃም ንዴቱ አልወጣልኝም። ለእኔ አስበው እንደሆነ አይጠፋኝም... ግን እንዳልደነግጥ ብለው እህቴን ሳልቀብር አስቀሩኝ። ያችን የቢጫ ቀሚስ ፎቶ ደግሞ እስካሁን ማጥፋት አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ፈረንጅ ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ሠርቶ፣ ጠግቦት፣ ጡረታ አስወጥቶታል... የእኛ መርዶ ግን ዛሬም ሰው ኦፍ እስኪሆን ይጠብቃል።