ከትራሱ አጠገብ ያለው ቀዳዳ

አንድ አባት ሁለት ሴት ልጆቹን ግራና ቀኝ አቅፎ፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ግን አንድ ብቻ ሲሆን፣ የትኛዋን ወደ ቀዳዳው እንደሚያስጠጋ በምን ይለያል? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው አለሁ። መልሱን ዛሬም አላውቅም። አባቴን ደፍሬ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀውም የሚመልስልኝ አይመስለኝም ነበር።

ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ የሲኒ አፍ የምታህል ክብ እንጨት ተቀምጣለች። ፊቷ ጥድ ነው። ከጀርባዋ ነጭ ቀለም የተቀባ ስስ ቆርቆሮ በሙጫ ተጣብቆባታል፤ መሐሏን የድሪል ጫፍ በስቷታል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት አሁንም ትሸታለች። ጥድ ከሸተተኝ ደግሞ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር የተከራየነው ቤት ጓሮ፣ ቅጠሉ ረግፎ ያለቀው ዛፍና ከሥሩ የቆመው ነጭ ቫን ይመጡብኛል።

ቫኑ የታናሽ ወንድሜ ነበር። ሃይስኩል እንደጨረሰ ሠርቶ ባጠራቀመው ገዛው። ከዚያ በፊት አበባ ሲያመላልስ የኖረ መኪና ስለነበር፣ የኋላ በሩ ሲከፈት የጠወለገ አበባና የቆየ ውሃ ሽታ ይወጣ ነበር። ወንድሜ ትምህርት ቤት ሳለ ስኪ፣ የበረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ ለምዶ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሰሜን፣ ከዱሉዝ ወዲያ ወዳሉት ኮረብታዎች ይሄዳል።

"ሞቴል ኤክስፔንሲቭ ነው፣ እታለም" አለኝ። "ቫኑ ውስጥ ስሊፕ እናደርጋለን።"

"እንተኛለን በል" አልኩት።

"እንተኛለን" አለ እየሳቀ።

አማርኛውን ሳላርም አላልፈውም ነበር። እናታችን እሱን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ፣ ገና አገር ቤት ሳለን ስላረፈች ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። እኔ ራሴ ፊደል የለየሁት እዚህ ከመጣን በኋላ፣ ጡቴ ካጎጠጎጠ ወዲያ ነው፤ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም። ሃያዎቹን አጋምሼ ገና ከእናቶች ጋር የጎልማሶች ክፍል ተቀምጬ ድርሰት እጽፍ ነበር። ዘግይቶ የተማረን ሰው ስሕተት ያሳክከዋል።

ያን መከር ወንድሜ ቅዳሜና እሑድ ከጓሮው አልጠፋም። ወንድሜ የአበባውን መደርደሪያ ነቃቅሎ ጣለ። ወለሉንና ግድግዳውን ብርማ የብርድ መከላከያ አለበሰው፤ በላዩ ላይ የጥድ ጣውላ ገጠገጠበት። አልጋውን ከፍ አድርጎ የሠራው ስኪዎቹ ከሥሩ እንዲገቡ ነው። ጣራውን ቆርጦ ትንሽ ፋን ተከለበት። የመስኮቶቹን መሸፈኛ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን መስኮት በጋዜጣ ለክቼ፣ በሁለት ጥቁር ጨርቅ መሐል ብርማውን አስገብቼ፣ ጠርዙ ውስጥ ማግኔት ሰፋሁበት፤ ወደ ብረቱ ሲያስጠጉት ጧ ብሎ ይለጠፋል። አንዱ መስኮት ላይ የብርሃን ጭረት ስትታየኝ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

"ጨረቃ ላይ ነው እንዴ የምንሄደው፣ እታለም?" አለኝ ወንድሜ።

አጥር የምትጋራን የወሎ ሴትዮ ደግሞ በመጣች ቁጥር አንገቷን አስግጋ ታየዋለች። "ኮንዶሚኒየም ደረሰህ አሉ" ትለዋለች። ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኛ ጣራ ፍለጋ አገር አቋረጥን፤ ልጆቻችን ቤታቸውን ትተው መኪና ውስጥ ሊያድሩ ነው" ትላለች። ወንድሜ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። አባቴ ግን አይስቅም።

አባቴ ብሉሚንግተን ላለ አንድ ሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት ያመላልስ ነበር። በብርዱም ወር ቢሆን የሚነዳውን መኪና መስኮት ጣት በምታህል ክፍተት ከፍቶ ነው የሚሄደው፤ ተሳፋሪ ተቆጥቶ ለአለቃው ከስሶት ያውቃል። ቤት ውስጥም የመኝታ ቤት በር ሲዘጋ አይወድም። ወንድሜ ይህን የሽማግሌ አመል አድርጎ ያየዋል። ሥራው ሲፋፋም አባቴ የጓሮው ደረጃ ላይ ቆሞ ያያል፤ ወደ ቫኑ ቀርቦ አያውቅም። ወንድሜ የመጨረሻዋን ጣውላ መትቶ በሮቹን ሲዘጋ፣ ውስጡ ምን ያህል ጨለማና ጸጥተኛ እንደሆነ ሊያሳየው ጠራው። አባቴ የሥራ ሰዓቴ ደረሰ ብሎ ሄደ። የዚያን ቀን ሥራ እንደሌለው እኔ አውቅ ነበር።

ለመጀመሪያው ጉዞ ሊነሡ አንድ እሑድ ሲቀራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ልብሴን ልቀይር ገባሁ። ወንድሜ ጓደኞቹ ዘንድ ሄዶ ነበር። ከጓሮው የብረት ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ስወጣ የቫኑ በር ተከፍቷል። አባቴ ነጠላውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ በጎኑ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ድሪሉ እግሩ ሥር ተቀምጧል። ነጠላው ላይ የጥድ ብናኝ አለ።

ጣውላውንም ቆርቆሮውንም አብሮ በስቶት ነበር። ክቧ ቀዳዳ ከትራሱ አጠገብ ናት፤ የተኛ ሰው አፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ።

"ነይ ተኝተሽ እይው" አለኝ ሲነሣ። "ቁመቱ ልክ ነው?"

ተኛሁ። ቀዝቃዛ አየር ከንፈሬን ነካኝ፤ የእርጥብ ቅጠልና የጎረቤት መኪና ጭስ ይሸታል። ልክ ነበር። እኔ ስለ ልኬት ጠንቃቃ ነኝ እላለሁ፤ ያን ልኬት የት እንዳገኘው ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከመተማ ወዲያ ስንሻገር የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደላሎቹ በጭነት መኪናው ሆድ ውስጥ በጣውላ ጠባብ ክፍተት ሠርተው፣ እኛንና ሌሎች ሰዎችን እዚያ አስተኝተው፣ በላያችን ላይ የሰሊጥ ጆንያ ደረደሩ። ቀን ነበር፤ ብረቱ ይጋረፋል። መኪናው አንድ ኬላ ላይ ቆመና ሳይነሣ ቀረ። አባቴ በእጁ ሲዳብስ ብሎን የወለቀበት ቀዳዳ አገኘ። አንዴ የእኔን አፍ፣ አንዴ ገና የወራት ዕድሜ ያለውን የወንድሜን አፍ ያስጠጋበታል። በወዲያኛው ክንዱ ታላቅ እህቴ ነበረች። በእኔና በእሷ መሐል ሦስት ዓመት አለ። "እኔ ደህና ነኝ" ስትል ሰምቻታለሁ። አባቴ "ነይ አንቺ ደግሞ" ብሏት ነው ያን ያለችው፣ ወይስ ሳይጠራት ዝም ብላ? ይህ ነው ጠፍቶብኝ የቀረው። ጆንያው ሲነሣ እሷ አልተነሣችም።

ካርቱም ሳለን ወንድሜ አፉን መፍታት ሲጀምር፣ አባቴ ጠርቶኝ ስለ እህቴ በልጁ ፊት እንዳላነሣ ነገረኝ። "እሱ እንኳ ቀሎት ይደግ" አለ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ቤታችን ውስጥ አልተጠራም። ወንድሜ ከእኔ ሌላ እህት እንደነበረችው ሳያውቅ አደገ፤ እውነትም ቀሎት አደገ። በተዘጋ መኪና ውስጥ መተኛት ለእሱ ጨዋታ ነበር።

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መጥቶ ቀዳዳውን ሲያይ መጀመሪያ ያመነ አልመሰለኝም። ጣቱን ከተተበት።

"ዳድ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"አየር ይግባበት።"

"ጣራው ላይ ፋን አለ እኮ።"

"ፋን ይቆማል።"

"እሺ፣ መስኮት እከፍታለሁ።"

"እንቅልፍ የያዘው ሰው ይከፍታል?"

ወንድሜ ወደ እንግሊዝኛው ዞረ። ሲከፋው እንደዚያ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ተደስቶ የማያውቅ ሰው የሌላውን ደስታ ማየት አይችልም አለ። የሠራሁትን ሁሉ ስትበሳብኝ ኖርክ አለ። አባቴ ሁሉንም ሰምቷል። ጎንበስ ብሎ የድሪሉን ገመድ ቀስ አድርጎ ጠቀለለ። እኔ አፌን ስከፍት ቀና ብሎ አየኝ፤ የቁጣ አይደለም፣ የልመና አስተያየት ነበር። ዝም ካልኩ ወንድሜ አባቱን ጨካኝ አድርጎ እንደያዘ ይሄዳል። ከተናገርኩ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀለትን እንቅልፍ እነጥቀዋለሁ። ዝም አልኩ።

ወንድሜ ቀዳዳውን በካልሲ ወትፎ ሄደ። ከዚያ ጉዞ ሲመለስ ዕቃውን ለመውሰድ ብቻ ነበር የመጣው። ወደ ምዕራብ፣ ትልልቆቹ ተራሮች ወዳሉበት ሄዶ ስኪ ቦታ ሥራ ያዘ፤ ቫኑም ቤቱ ሆነ። ለበዓል ይደውላል፤ ከእኔ ጋር ያወራል። ስልኩን ስዘጋ አባቴ ሌላ ነገር የሚሠራ መስሎ፣ "የት ነው የሚያድረው?" ይለኛል።

"ያው ቫኑ ውስጥ።"

ይነሣና የማድ ቤቱን መስኮት ጣት በምታህል ክፍተት ይከፍታታል። ተመልሶ ይቀመጣል። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታቱ ሄዱ። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጠርኩ፣ አባቴም ጡረታ ወጣ። ሁለቱ በደንብ ሳይነጋገሩ አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ።

ወንድሜ ከተራራው ሳያቋርጥ ነድቶ ለቀብሩ ደረሰ። በሠልስቱ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ የአባቴን ልብስ ስለይ፣ የክረምት ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይህችን ክብ እንጨት አገኘኋት። ከድሪሉ አፍ አውጥቶ ኪሱ ከትቷት ኖሯል። ጠርዟ በጣት ብዛት ለስልሷል።

ይዣት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያው ቫን ከዚያው ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ዝገቱ ግን በሮቹን በልቷቸዋል። ወንድሜ የሰው ብዛት ከብዶት ውስጡ ተቀምጦ ነበር። ጢሙ ላይ ሽበት አይቼ ደነገጥኩ። የሰፋኋቸው መሸፈኛዎች አሁንም መስኮቶቹ ላይ ናቸው፤ ነተብ ብለዋል እንጂ ብርሃን አያስገቡም። ዓይኔ ወደ ትራሱ ሄደ።

ቀዳዳው ክፍት ነበር። ዙሪያውን የናስ ቀለበት አልብሶት፣ በደቃቅ ወንፊት ሸፍኖታል።

"አይጥ እንዳይገባ ነው" አለኝ፣ ያፈረ ይመስል።

"ካልሲውስ?"

"እሱን ወዲያው ነው ያወጣሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እታለም። ሲደፈን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።"

እንጨቷን እጁ ላይ አኖርኳት። አገላብጦ አያት፤ ምን እንደሆነች ገባው። ወደ ቀዳዳው አየና መልሶ ወደ እጁ አየ።

"ይሄን ኪፕ አድርጎ ነበር? ለምን?"

አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ስለ ሰሊጡ ሽታ፣ ስለ ብረቱ ሙቀት፣ ብሎኑ ስለወለቀበት ቀዳዳ ነገርኩት። አባቴ የእሱን አፍ እንዴት ያስጠጋ እንደነበር፣ በወዲያኛው ክንዱ ማን እንደነበረች፣ "እኔ ደህና ነኝ" ያለችውንም ነገርኩት። ጥያቄዬንም ሰጠሁት። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ ይሰማናል። ወንድሜ መዳፉን ወንፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ነፋሱ እጁን ሲነካው ይታወቀኛል።

"ስሟ ማን ነበር?" አለኝ በመጨረሻ።

ነገርኩት። ከካርቱም ወዲህ ጮክ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። ወንድሜ ቀስ ብሎ ደገመው፤ መሐሉ ላይ ያለው ፊደል ምላሱ ላይ ላላበት፣ መጨረሻውም ተንጋደደ።

አላረምኩትም።